ንፋስ መውጫ የቆመችው ጀልባ

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ስወጣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የኋላ ጎማው ጋለና መንገድ ዳር ቆምን። ረዳቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዞ ወርዶ የጎማው እምብርት ላይ ሲያፈስበት ነጭ ጢስ ቡልቅ አለ። የተቃጠለ ግራሶ ሽታ! ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ወርጄ ወደ ጎማው ተጠጋሁ። "ኧረ እህቴ፣ ልብስሽን!" አለኝ ረዳቱ። የምን ልብስ! ረሳሁት ያልኩት አንድ ኅዳር ከነነፋሱ ፊቴ ቆሞ ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ገና ሳልወለድ ስለሞተ ያለችኝ እናቴ ብቻ ነበረች። በክረምቱ ታመመችና ከስማዳ አምጥታ ንፋስ መውጫ የሚኖሩት ታላቅ ወንድሟ፣ አያ ይርጋ፣ ቤት አስቀመጠችኝ። እሷ ጣና ሐይቅ ውስጥ ካለች አንዲት ደሴት ጸበል ገባች። እዚያ ድረስ ያደረሷት አያ ይርጋ ናቸው። ብቻቸውን ተመልሰው መጡና "መስቀል ሲያልፍ ትመጣለች" አሉኝ። መስቀል አለፈ። "እህሉ ይግባና" አሉኝ። የሰው እህል እየገባ ነበር፤ እናቴ ግን የለችም።

አያ ይርጋ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግኑ ጎሚስታ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ወሬም የላቸውም። በወጣትነታቸው በዚያው አገር ወዳለው የዜማ ደብር፣ ቤተ ልሔም፣ ወርደው ድጓ ሲማሩ ኖረው፣ ደረታቸውን ታመው ድምፃቸው ቢዘጋባቸው ነው ትምህርቱን ትተው ወደ ብረት የገቡት። ከቤተ ልሔም የተረፋቸው ሁለት ነገር ነው፤ ጆሯቸውና በዓላቸው። ጎማ አሽከርክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ሕመሙን ይናገራሉ። በዓል ከሆነ ደግሞ የፈለገ ባለ ሥልጣን መኪናው ደጃቸው ቢበላሽ መዶሻ አያነሡም። እኔን አልተቆጡኝም፣ አልመቱኝምም። ግን አያወሩኝም። ራት ሲቀርብ "ብይ" ይላሉ፣ እበላለሁ። "ተኝ" ይላሉ፣ እተኛለሁ። ቀኑ በዚህ ያልቃል።

ትምህርት ቤትም ያው ነው። ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው፤ እኔን "የስማዳዋ" ይሉኛል። ለስድብ አልነበረም፤ ስሜን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ እቆምና ደወሉ እስኪደወል እጠብቃለሁ።

በጥቅምት ደግሞ አንድ ክፉ ነገር መጣብኝ፤ የእናቴ ፊት ይጠፋኝ ጀመር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷን እያሰብኩ ነበር የምሄደው። እጇ ይመጣል፤ ማጭድ የቆረጣት አውራ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ ይታየኛል። ቀሚሷ ይመጣል፣ ሳቋ ይመጣል። ፊቷ ላይ ስደርስ ምንም የለም። ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረንም። አጥብቄ ሳስብ የስማዳዋ ጎረቤታችን ፊት እየመጣ ድቅን ይልብኛል። እናትን መርሳት ትልቅ ኃጢአት ስለመሰለኝ ለማንም አልተናገርኩም። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ሄጄ ማየት።

አንድ ቀን አያ ይርጋን ስጨቀጭቃቸው እናቴ በደንገል ታንኳ እንደ ተሻገረች ነግረውኝ ነበር። ደንገል ምንድን ነው ብላቸው "ውኃ ዳር የሚበቅል ሣር ነው" አሉኝ። እኔም ነገሩን በልቤ ፈታሁት። የሣር ታንኳ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት በስብሷል። እናቴ ድናለች፤ መመለሻ አጥታ ነው ደሴቷ ላይ የቀረችው። መስቀል አልፎ ያልመጣችው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ኅዳር በገባ በሳምንቱ ግድም ከወልድያ በኩል አንድ ፒካፕ እያዘገመ መጥቶ ደጃችን ቆመ። ከኋላው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ይጎትታል፤ ተሳቢው ላይ ነጭ ጀልባ ተጭናለች። ጀልባ መሆኗን ያወቅሁት በመጽሐፍ ሥዕል ስላየሁ ነው እንጂ የከብት ማጠጫ ገንዳ ነበር የምትመስለው። ግራ ጎማው ይጮሃል፣ ይጤሳል። ገበያተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩና "ምነው ልጆች፣ ውኃው እዚህ ድረስ ሊሞላ ነው እንዴ?" ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ሁሉ ደጅ አልፋ እኛ ደጅ የቆመችው ለእናቴ ብትመጣ ነው። እሷ ላይ እጄን ለማሳረፍ እንኳ ፈራሁ።

ሾፌሩ ሰለሞን የሚባል ቀልደኛ የከተማ ሰው ነበር። "አባባ፣ ይቺን ጎማ ቶሎ ይሥሩልኝና ልሂድ፤ ባሕር ዳር ላይ ይጠብቁኛል" አለ። አያ ይርጋ ተሳቢውን በክሪክ አነሡ፣ ጎማውን አወለቁ። ዳዶውን ፈትተው እምብርቱን ሲስቡት ኩሽኔታው ተፈረካክሶ እጃቸው ላይ ቀረ። ኩሽኔታ ጎማው ዘንጉ ላይ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ብረት የተደረደረበት ቀለበት ነው። ጤነኛው ያብለጨልጫል፤ ይህኛው በዝገት ቡናማ ሆኗል። አያ ይርጋ ዝገቱን በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

"ጨው ነው" አሉ።

"ወደብ ላይ ጀልባዋን ሲሞክሯት ተሳቢውን እስከ ጎማው ባሕር ውስጥ ነክረውት ነበር" አለ ሰለሞን። "የባሕር ውኃ ጨው ነዋ።"

"ጨው የጠጣ ብረት አምነህ ይህን ሁሉ አገር መጣህ?"

የባሕር ውኃ ጨው መሆኑን እኔ የት አውቄ! ሰለሞን የሚለው አልገባኝም። አንድ ምቀኛ ሆን ብሎ ጎማው ውስጥ ጨው የጨመረ መሰለኝና፣ እናቴ እንዳትመጣ የሚፈልግ ማን ይሆን እያልኩ የገበያተኛውን ፊት አንድ በአንድ አየሁ።

ሰለሞን የተቃጠለው ብቻ ይቀየርልኝ ብሎ ነበር። አያ ይርጋ ቀኙንም ጎማ አነሡና አሽከርክረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ "ነይ እስኪ፣ አንችም ስሚው።"

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ውስጡ ዱቄት በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አለው።

"ምን ይላል?"

"አሸዋ አለበት።"

አያ ይርጋ ፈገግ አሉ። በዚያ ዓመት ፈገግ ሲሉ ያየሁት አንድም ሁለትም ቀን ቢሆን ነው። "ሰማህ ሾፌር? ሕፃኗ ነገረችህ። የሁለቱም ጎማ፣ የውስጡም የውጭውም፣ አራቱም ይቀየራል።"

አራት አዲስ ኩሽኔታ ንፋስ መውጫ አይገኝም። ያረጀውን በጨርቅ ጠቅልለው ለናሙና በሚኒባስ ረዳት እጅ ወደ ደብረ ታቦር ላኩ። በሁለተኛው ቀን የመጣው የፀጉር ያህል ጠበበና ተመለሰ። እንደገና መጠበቅ ሆነ። በእነዚያ ቀናት የክፍሌ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴን አወቁት። ጀልባዋ ላይ ለመውጣት ከእኔ ጋር እየተጋፉ ይመጣሉ፤ ወጥተው፣ ዘለው፣ ጠግበው ይሄዳሉ። ሲሄዱ ዞር ብሎ የሚያየኝ አልነበረም። እኔም ብቻዬን ስቀር ገሚሷን የሸፈነው ሸራ ሥር ገብቼ የመቀዘፊያውን እንጨት አቅፌ እቀመጣለሁ። ነፋሱ ጀልባዋን ሲነካት ቀስ ብላ ትነቃነቃለች፤ ውኃ ላይ እንዲህ ይሆናል እያልኩ እለማመዳለሁ።

ሰለሞን ሥራ ፈትቶ ስለሚውል የሚያወራው ሰው ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅሁት፤ "ይች ጀልባ ምን ትሠራለች?"

"ሰው ከዳር ወደ ደሴቶቹ ታመላልሳለች።"

"እናቴ ያለችበትስ ትደርሳለች?"

"እናትሽ የት ናት?"

የደሴቷን ስም ነገርኩት። "ይቺ ጀልባ የማትደርስበት ደሴትማ የለም! ልውሰድሽ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ!" ብሎ ራሴን ደባበሰኝ። ለእሱ ጨዋታ ነው። እኔ በዚያው ዕለት ልብሴን በሻሽ ቋጠርኩ።

ለአያ ይርጋ "ሾፌሩ እማ ዘንድ ሊወስደኝ ነው" አልኳቸው። የያዙትን የብሎን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጡና መልሰው አነሡት። "አንች ልጅ፣ እስኪ ሥራየን ልሥራበት" አሉኝ በመጨረሻ። እሽም እምቢም አላሉም። እምቢ ካላሉ እሽ ማለታቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ልክ የሆነው ኩሽኔታ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሰ። ሰለሞን በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው።

"ነገ በጠዋት ልሂድ በቃ!"

"ነገ ሚካኤል ነው" አሉ አያ ይርጋ።

"አባባ፣ እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ። መልአኩም ይረዳኛል!"

"እሱ ይረዳህ ይሆናል። እኔ ብረት አልመታም።"

በማግስቱ አያ ይርጋ ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ሰለሞንም ሻይ ፍለጋ ወደ መሐል ከተማ ወጣ። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አዲስ ኩሽኔታ ከመግባቱ በፊት ግራሶ መጠጣት እንዳለበት አውቃለሁ። አያ ይርጋ በአሮጌው አሳይተውኛል፤ ከግራሶው ዘገን አድርገው መዳፋቸው ላይ ያኖሩና የኩሽኔታውን ጠርዝ ይጫኑበታል፣ ግራሶው በዚያኛው በኩል ብቅ እስኪል ድረስ። "መቀባት አይደለም፣ ማጉረስ ነው" ይላሉ። እኔም አሰብኩት። በበዓል የተከለከለው መምታት ነው፤ ማጉረስ መምታት አይደለም። እሳቸው ሲመለሱ ግማሹ ሥራ አልቆ ያገኙታል። ነገ በጠዋት ደግሞ እንሄዳለን።

ደጅ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግቼ፣ አራቱንም አንድ በአንድ አጎረስኳቸው። እጄ ትንሽ ስለሆነች ለአንዱ ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ ምግብ የማሰናዳላት ያህል ነበር የሚሰማኝ። በዓል በመሆኑ የሚወቃ ሰው የለም፤ ነፋሱ ግን በዓል አያከብርም። ከየአውድማው የገብሱን እብቅና አቧራውን እያነሣ በደጃችን ያልፍ ነበር። እኔ ዓይኔን እያሸሁ መሥራቴን ቀጠልኩ። ጨርሼ በላስቲክ ሸፈንኳቸውና የግራሶውን ባዶ ቆርቆሮ ቦታው መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት አያ ይርጋ አንዱን አንሥተው ከጆሯቸው አጠገብ አዞሩት። ፊታቸው ጠቆረ። ግራሶውን በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው ውስጡ የተሰገሰገውን እብቅ አዩ።

"ማን ነው ይህን ያደረገ?"

"እኔ ነኝ።"

"በሚካኤል?"

"አልመታሁም፣ አያ። አጎረስኩ እንጅ።"

ሰለሞን ሳቁ አመለጠው። አያ ይርጋ አልሳቁም። "ምን አስቸኮለሽ?" አሉኝ።

"ጀልባዋ ቶሎ እንድትሄድ ብየ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔ ዘንድ መኖር ይህን ያህል መረረሽ?" አሉ።

እንደዚያ አልነበረም። እናቴን ረስቻለሁ ብዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እሳቸው ዝምታዬን አዎ እንዳልኳቸው ቆጠሩት። ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ በነጭ ጋዝ እያጠቡ እብቁን ሲያስለቅቁ ዋሉ። ግራሶውንም ጨርሼው ስለነበር ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ቸኩዬ አንድ ቀን ሙሉ አስረዘምኩት። አንድ ደጅ ላይ ተቀምጠን፣ እሳቸው የጠላኋቸው መስሏቸው፣ እኔ እናቴ እየጠፋችብኝ መሸ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ግን የለም።

ኅዳር አሥራ አራት ሥራው ተሠራ። አያ ይርጋ የኩሽኔታውን የውጭ ቀለበት እምብርቱ ውስጥ አስቀምጠው ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይመቱት ጀመር። መጀመሪያ ድምፁ ቀጭን ነው። ጠርዙ መጨረሻው ጋ ሲደርስ ድንገት ይወፍራል፤ ያን ጊዜ "ገባ" ይላሉ። አራት ጊዜ "ገባ" አሉ። ያጎረሱትን ኩሽኔታ ከተቱ፣ ግራሶው እንዳይወጣ የሚይዘውን ላስቲክ ገጠሙ፣ ዳዶውን አጥብቀው መልሰው ትንሽ አላሉት። ጎማዎቹን አሽከርክረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔንም እንደዚያ ቀን ይጠሩኛል ብዬ ቆሜ ነበር፤ አልጠሩኝም።

ሰለሞን ፒካፑን ሲያስነሣ ቋጠሮዬን ይዤ በተሳቢው ወጣሁና ጀልባዋ ውስጥ ሸራው ሥር ገባሁ። ማንም አላየኝም። ተነቃነቅን። ሸራውን ገለጥ አድርጌ ሽቅብ አየሁ፤ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከዚያ ሰማይ ብቻ። ሄድኩ ማለት ነው። "እማ!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ በነፋሱ ማን ይሰማኛል? ደሴቷ ላይ ቆማ እጇን ስታውለበልብልኝ ታየችኝ። ፊቷ ያው ባዶ ነበር። ግድ የለም፣ ነገ አየዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ፒካፑ ዘገየና ዞረ። ፊቴ ላይ የነበረችው ፀሐይ ከጀርባዬ ሆነች። ቀና ብዬ ሳይ የከተማውን ጫፍ ዞረን ወደ ኋላ እየተመለስን ነው። አዲስ ኩሽኔታ የገባለት ጎማ ትንሽ ተነድቶ መጋል አለመጋሉ ይሞከራል ለካ። ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ደጃችን ደረስን። አያ ይርጋ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን እምብርቱ ላይ አሳረፉ። "አልጋለም" አሉ። ቀና ሲሉ ከነቋጠሮዬ ጀልባዋ ውስጥ አዩኝ።

"ወይኔ ጉዴ!" አለ ሰለሞን ወርዶ። "አባባ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው ያልኳት።"

"ውረጅ፣ ትርንጎ" አሉኝ።

"አልወርድም።"

"ውረጅ ብየሻለሁ። እናትሽ አስምላኛለች።" ወደ ጀልባዋ ተጠጉ። "ጸበሉ በር ላይ እጀን ይዛ፣ 'በማርያም ይዤዎታለሁ አያ፣ ልጀን እንዳያመጡብኝ። ከስቻለሁ፣ ጠቁሬያለሁ። የምታውቀውን ፊቴን ይዛ ትቆይ' አለችኝ። የማርያምን ስም እንደት ላፍርስ? አንችን መከልከል ደስ ብሎኝ ይመስልሻል?"

ከተናገሩት ሁሉ አንዱ ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ የምታውቀውን ፊቴን ይዛ ትቆይ።

"አያ፣ ረስቸዋለሁ" አልኩ።

"ምኑን?"

"ፊቷን። ከጥቅምት ጀምሮ የለም። ባስበው ባስበው አይመጣልኝም።" ይህን ብዬ የጀልባዋን ጠርዝ ይዤ አለቀስኩ፤ ከክረምት ጀምሮ ያላለቀስኩትን ሁሉ።

አያ ይርጋ ባሉበት ቆሙ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ጠርገው ሲጨርሱ መልሰው ጠረጉት። ሰለሞን አንገቱን ደፍቷል። "እንግዲያ እኔ የምጠብቅላት ምኑን ነው?" አሉ አያ ይርጋ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው። ገብተው ጋቢያቸውን ይዘው ወጡና የቤቱን በር ቆለፉት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ከጀልባዋ አወረዱኝ።

"ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ ንስሐውንም እኔ እገባለሁ" አሉና ፒካፑ ውስጥ ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

እናቴን በማግስቱ አየኋት። መጀመሪያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አያ ይርጋን አንዲት ቃል አልተናገረቻቸውም። እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ብዙ ቆይታ ነጠላውን ራሷ ገለጠችው። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ዓይኗ ትልቅ ሆኗል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አንዱም እንዳያመልጠኝ ከግንባሯ ጀምሬ አየኋት። ጥር ሳይገባ አረፈች። ዛሬ እናቴን ሳስብ የሚመጣልኝ ያ እንዳላየው የለመነችው ፊት ነው። ሌላ የለኝም።